ርካሽነታችን ፋብሪካዎቹን አላቆያቸውም፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን፤ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን፤ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን

ጉዳዩ፦ ከኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀነሱ የልብስ ስፌት ሠራተኞችን መብትና እስካሁን ያልተቀመጠውን የደመወዝ ወለል (የዝቅተኛ ደመወዝ መጠን) ይመለከታል

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ በሐዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ ባሉ ፋብሪካዎች ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ልብስ እንሰፋ የነበርን፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በተለያየ ጊዜ ከሥራ የተቀነስን ሠራተኞች ነን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። በቡድኑ ስም ብዕር ያነሣሁት እኔ የአንድ የሸሚዝ ስፌት መስመር መሪ ነበርኩ። የሠራንባቸውን ፋብሪካዎች ስም እዚህ አንጠቅስም፤ ከመካከላችን ክርክር ላይ ያሉ አሉ፣ ነገ ተመልሰው እዚያው በር ላይ ሥራ የሚጠይቁም አሉ።

ለመጻፍ ያነሣሣን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ነው። ፓርኮቹ ስማቸውና አሠራራቸው እየተቀየረ፣ ባለሀብቶች ዳግም እየተጋበዙ ነው። ፋብሪካ መምጣቱን አንቃወምም፤ ሥራ የምንፈልገው ከማንም በላይ እኛ ነን። የምንቃወመው በመጀመሪያው ዙር የደረሰብን ነገር ሳይመረመር፣ ያልተከፈለንም ሳይከፈለን፣ ሁለተኛው ዙር በዚያው ውል መጀመሩን ነው።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሠራተኛ እንደሚይዝ ተነግሮን ነበር። ምልመላው ቀበሌ ድረስ ወርዶ ነበር። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ ገጠሮች ትምህርታችንን አቋርጠን ወይም ጨርሰን ቤት ተቀምጠን የነበርን ልጆች ተመዘገብን፣ የጣቶቻችን ቅልጥፍና ተፈተነ፣ በአውቶቡስ ተጭነን ሐዋሳ ገባን። ወላጆቻችንን ያግባቡልን የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። «የመንግሥት አደራ ነው፣ ልጃችሁ አትቸገርም» የተባለው በቤታችን ደጃፍ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በእኛና በአንድ የውጭ ባለሀብት መካከል ብቻ ያለ የግል ውል ነው የሚለውን መልስ፣ ስንሰማው ብንቆይም፣ አንቀበለውም።

የመነሻ ደመወዛችን በወር 750 ብር ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ይህን 26 ዶላር አድርገው አስልተው፣ በዓለም ላይ ለልብስ ሰፊ ከሚከፈለው ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለዋል። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95 ዶላር፣ የጎረቤታችን የኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ታገኝ ነበር። እኛ ባፈርንበት አኃዝ ሀገራችን ባለሀብት ትጠራበት ነበር።

በ750 ብር እንዴት ይኖራል ለሚል ሰው፣ አይኖርም። አራትና አምስት ሆነን አንድ ክፍል እንከራይ ነበር፤ ፈረቃችን ሲለያይ በአንድ ፍራሽ ላይ እየተተካካን እንተኛለን። ወር የሚያደርሰን ግን ከቤት የሚላከው ቆጮና የበቆሎ ዱቄት ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ ከመናኸሪያ ጆንያ ተሸክማ የማትመለስ ልጅ አልነበረችም። ይህን የምናነሣው እንድታዝኑልን አይደለም። አንድ የሒሳብ እውነት እንድታዩት ነው፦ ፋብሪካው ያልከፈለውን የደመወዝ ክፍል ይሸፍን የነበረው ገበሬው አባታችን ነው። በኒው ዮርክ መደብር የተንጠለጠለው ሸሚዝ ርካሽ የሆነው በከፊል በእንሰት ማሳ ወጪ ነው። ይህ ድጎማ በየትኛውም የኢንቨስትመንት ሪፖርት ተመዝግቦ አላየንም።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ኩባንያ ፒቪኤች በፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት የአሜሪካ ሕግ፣ ተጠቃሚነት ወጣች። የጦርነቱንና የፖለቲካውን ክርክር እዚህ አናነሣም። ለእኛ መስመር ትርጉሙ አጭር ነበር፦ እስከዚያ ቀን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ተጫነበት። ትእዛዝ የሚሰጡት ኩባንያዎች ለሚቀጥለው ወቅት ሌላ ሀገር መረጡ። ለመምረጥ አብዛኞቹ ማሽን መንቀል እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ማሽኑ የእነሱ አይደለማ።

የዚህን ሥራ ጠባይ ላልቀረበው ሰው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በልብሱ አንገት ላይ ስሙ የተሰፋው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ የለውም። ንድፉን ይልካል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ ቀን ይሰጣል፤ ሌላ ድርጅት ደግሞ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሰፋል። በእኛ ፋብሪካ ጨርቁ በኮንቴይነር ከእስያ በጅቡቲ በኩል ይመጣ ነበር። ቁልፉም፣ ክሩም፣ ማተሚያውም፣ ካርቶኑም እንደዚሁ። ከኢትዮጵያ የሚገባበት ጉልበታችንና መብራቱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሥር የለውም፤ ለመሄድ የሚያስፈልገው አንድ የኢሜይል መልእክት ነው። ቅነሳው ሲመጣ አሠሪያችን «ትእዛዙን የከለከለኝ ገዢው ነው» አለ። ለገዢው ኩባንያ በአንድ የውጭ ድርጅት አማካይነት ብንጽፍ፣ «ሠራተኞቹ የእኛ አይደሉም» የሚል መልስ መጣ። ሁለቱም የተናገሩት ውሸት አልነበረም፤ በመካከል ግን ተጠያቂ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ ቅሬታችንን በየተራው እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ ምን እንደሚገባው በግልጽ ይናገራል፦ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ። አራት ዓመት ያገለገለች ልጅ ከማስጠንቀቂያው ሌላ የ120 ቀን፣ ማለትም የአራት ወር ደመወዝ ይገባታል ማለት ነው። በእኛ ፋብሪካ የሆነው እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ መስመሩ ቆመ። በካውያ ጠረጴዛው ላይ የታተሙ ወረቀቶች ተደረደሩ፣ አጠገባቸው ሰማያዊ የማኅተም ቀለም ተቀመጠ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሰው ኃይል ሠራተኛው «የመጨረሻ ደመወዛችሁን ለመውሰድ የሚፈረም ነው» አለን፤ ከእኛ ወገን እንግሊዝኛውን በደንብ የሚያነብ አንድ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር፤ እሱም ቀደም ብሎ ተሰናብቷል። አብዛኞቹ ፈረሙ፣ መፈረም ያልቻሉት በአውራ ጣታቸው አተሙ። ወረቀቱ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄአለሁ» የሚል ነበር። በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ አምስት ዓመት ካልሞላው የስንብት ክፍያ የለውም። ከእኛ መስመር አምስት ዓመት የሞላው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ብዙዎቹ በዚያው ሳምንት ወደ ገጠር ተመልሰዋል። የሕግ ድጋፍ ከሚሰጥ ሰው ጋር ስንገናኝ ሥራው ከተቋረጠ ስድስት ወር አልፎ ነበር፤ ክፍያ የመጠየቅ መብታችን በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ በሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ታግዷል ተባልን። ሕጉን አንወቅስም። የምንጠይቀው ግን፣ አንድ ፋብሪካ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ሠራተኛ «በፈቃዱ» ሲለቅበት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የት ነበር? የወጣነው በፓርኩ በር ነው። በዚያ በር ስንወጣ ያየን ሁሉ በራሳችን ፈቃድ እየወጣን እንዳልነበር ያውቃል።

ሁለተኛው ጡረታ ነው። በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ አለበት። ከቡድናችን የተወሰኑት በኋላ መዝገባቸውን ሲያስፈትሹ ገቢ ያልተደረገባቸው ወራት ተገኙ። አንዷ ባልደረባችን የደመወዝ ወረቀቷን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣ ነበርና ተቀናሹን በማስረጃ አሳየች። ሌሎቻችን ወረቀት የለንም፤ የደመወዛችንን መረጃ የምናገኘው በፋብሪካው ስልክ መተግበሪያ ነበር፣ የተሰናበትን ዕለት ተዘጋ።

ሦስተኛው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ኮሌታ መግጠም ከሸሚዝ ስፌት ሁሉ ከባዱ ነው። ሁለቱ ጫፎች አንድ ካልሆኑ ሸሚዙ ይጣላል። ይህን በሰዓት በብዛት፣ ያለ እንከን የምትሠራ ልጅ ባለሙያ ናት፤ በየትኛውም ሀገር ባለሙያ ናት። የተሰጣት ማስረጃ ግን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሠራተኛነት አገልግላለች» ይላል። ምን እንደሠራች የለም፣ ደመወዟም የለም። አዋጁ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ያን ወረቀት ይዛ ሌላ ስፌት ቤት ስትሄድ እንደ ጀማሪ በጀማሪ ደመወዝ ትቀጠራለች። መንግሥት፣ ቤተሰቧና እሷ ለዓመታት ያፈሩት ሙያ በአንድ ሰነፍ ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ።

አራተኛው የኤጀንሲ ቅጥር ነው። ትእዛዝ በከፊል ሲመለስ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሠራተኛ መልሰው ወስደዋል፤ ለዚህ እናመሰግናለን ማለት በቻልን። የወሰዱት ግን በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ነው። ሼዱ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ሱፐርቫይዘሩም ያው፤ ውሉ ግን ከማናውቀው ድርጅት ጋር፣ ለሦስት ወር፣ የሚታደስ። ፋብሪካው የሚከፍለውን ኤጀንሲው ምን ያህል እንደሚያስቀር አናውቅም፤ ስንጠይቅ «የንግድ ሚስጥር» ነው። ቀድሞ በገዢውና በአሠሪው መካከል የጠፋው ተጠያቂ አሁን አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርዶ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጠፍቷል።

ከሁሉም በላይ የምናተኩርበት የደመወዝ ወለል ነው። አዋጅ 1156 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ዝቅተኛ ደመወዝም በየጊዜው በጥናት እንዲወሰን ደንግጓል። ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወጣ ተብሏል። አዋጁ የወጣው በ2011 ነው። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ እስካሁን ወለል የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው። በ2017 መንግሥት የራሱን ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያሳድግ፣ በ1,100 ብር መኖር እንደማይቻል በራሱ ውሳኔ መስክሯል። ያ ምስክርነት ለፋብሪካ ሠራተኛ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ሽንኩርቱን የምንገዛው ከአንድ ጉሊት ነው።

ዘወትር የሚሰጠንን መልስ እናውቀዋለን፦ ወለል ከተቀመጠ ባለሀብቱ ይሄዳል። እኛ ግን ይህ ሲፈተን በቦታው ነበርን። ፋብሪካዎቹ ሲሄዱ ደመወዛችን በዓለም ዝቅተኛው የተባለ ነበር። የሄዱት ቀረጥ ስለመጣ፣ ጸጥታ ስለታወከ፣ ገዢ ፊቱን ስላዞረ ነው። ርካሽነታችን አንዱንም አላቆየም። ኬንያ በጥናቱ መሠረት ስምንት እጥፍ ያህል እየከፈለች ልብስ ስትሰፋ ነበር። ከዚህም በላይ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በዶላር ሸጦ በብር ደመወዝ ለሚከፍል ላኪ የሠራተኛው ዋጋ በግማሽ ያህል ረከሰለት፤ ለሠራተኛዋ ደግሞ ዘይቱና የቤት ኪራዩ ወደ ላይ ወጣ። ይህን ልዩነት ማን ወሰደው የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣ ቦርድ ቢኖር ያን ጊዜ ያነሣው ነበር። ስለሌለ ማንም አላነሣውም።

አንድ ነገር እንጨምርና ወደ ጥያቄዎቻችን እንለፍ። ከእኔ መስመር ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ በዐረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ላይ ናቸው፤ ገሚሶቹ በሕጋዊ መንገድ፣ በእናንተው መሥሪያ ቤት ፈቃድና ሥልጠና የሄዱ ናቸው። በሕጋዊ መንገድ መሄዳቸው በደላላ ከመሄድ ይሻላል፣ አንክድም። ነገር ግን የሀገር ውስጥ ሥራንና የውጭ ሀገር ሥምሪትን የሚመራው አንድ ሚኒስቴር ነው፤ የሰለጠነች ሰፊ ዕቃ ለማጠብ ስትሄድ በአንዱ ዘርፍ «ሥራ ተፈጠረ» ተብሎ ይመዘገባል፣ በሌላው ግን የጠፋው ሥራ አይመዘገብም። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታዩልን እንሻለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የደመወዝ ቦርዱን የሚያቋቁመው ደንብ መቼ እንደሚወጣ ቀን ተቆርጦ ለሕዝብ ይነገር። በቦርዱ ውስጥ ከሠራተኛ ወገን ከሚቀመጡት ቢያንስ አንዷ ከልብስ ስፌት መስመር የመጣች ትሁን።

ወደ ልዩ ኢኮኖሚ ዞን የሚገባ እያንዳንዱ ፋብሪካ ሼድ ከመረከቡ በፊት፣ ለሚቀጥረው ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚበቃ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይደረግ። ለመብራትና ለኪራይ መያዣ ይጠየቃል፤ ለሠራተኛም ይጠየቅ።

የጅምላ ስንብት ሲኖር የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በቦታው ይገኝ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ በብዛት የተፈረመ የ«በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ወረቀት ተቆጣጣሪ ሳያጣራው ዋጋ አይኑረው፤ ወረቀቱም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ከ2014 ጀምሮ በዚህ መንገድ የወጡ ሠራተኞች ጉዳይ እንዲጣራ፣ ይርጋው ባይፈቅድ እንኳ በድርድር የሚፈታበት መንገድ እንዲፈለግ እንጠይቃለን።

ገቢ ያልተደረገ የጡረታ መዋጮ ያለባቸው ፋብሪካዎች የውዝፍ ዝርዝር ከዞን ፈቃድ እድሳት ጋር ይያያዝ።

በኤጀንሲ የሚቀጠር ሠራተኛ የሚያገኘው ክፍያና የኤጀንሲው ድርሻ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ቋሚ ሥራ ለተከታታይ የሦስት ወር ውል አይሰጥ።

ከፓርክ የወጡ ሰፊዎች የብቃት ምዘና ያለ ክፍያ ይሰጣቸው። የኮሌታ ባለሙያዋ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ባለሙያዋ፣ የቅድ ሠራተኛው በሙያቸው ደረጃ ተመዝግበው ምስክር ወረቀት ይያዙ። የክህሎት ጉዳይ የእናንተው ሥራ ስለሆነ፣ ይህን ለማስጀመር ቅርብ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄያችን በእናንተ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ነገር ግን ልታስተባብሩት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነጻ ታቀርባለች። ሆስፒታሎች፣ ፖሊስና መከላከያ በየዓመቱ ልብስ ያሰፋሉ። ከዚህ ግዢ የተወሰነው ክፍል ከፓርክ የወጡ ሠራተኞች ለሚያቋቁሟቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሀገር ውስጥ ጨርቅ እንዲሰፋ ይመደብ። ጥጥ በመተማም፣ በአዋሽም፣ በኦሞም ይመረታል፤ ባሕር ዳርና ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቅ ፋብሪካ አላቸው። ይህ ሥራ የውጭ ምንዛሪ አያመጣም ይባል ይሆናል። በዋሽንግተን በሚፈረም ደብዳቤም አይቆምም።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። የሰነድ ማስረጃዎቻችንን፣ የተፈረሙትን ወረቀቶች ቅጂና ያሉንን የደመወዝ ወረቀቶች ጨምሮ፣ ተወካያችሁ ሐዋሳ ሲመጣ ወይም እኛ አዲስ አበባ ስንጠራ ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ስብሰባው በሥራ ቀን ከሆነ እባካችሁ ከሳምንት በፊት አሳውቁን፤ ከመካከላችን በቀን ሥራ የሚተዳደሩት የቀን ገቢያቸውን ትተው ነው የሚመጡት።

ከአክብሮት ጋር፣

ከሐዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ የተቀነሱ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ኮሚቴ
የቀድሞ የሸሚዝ መስመር መሪና የኮሚቴው ጸሐፊ
ሐዋሳ